ቤንዚን ፒክአፕ መተኮስ አላቆም ሲል፦ መንስኤውን ከድምፁ ተነስቶ እስከ ቫልቩ የመፈለግ ዘዴ

የሚተኩስ መኪና ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀየረው ካንዴላ ነው፤ ቀጥሎ የካንዴላ ገመድ፣ ከዚያ ቦቢና፣ በመጨረሻም ካርቡሬተሩ ወርዶ ይታጠባል። ባለቤቱ ለአራቱም ከፍሎ ይወጣል፤ መኪናው ለሁለት ቀን ዝም ካለ በኋላ በሦስተኛው ቀን ገበያ መሃል እንደገና ይተኩሳል። እንዲህ የሚሆነው በአብዛኛው ፍለጋው ከዕቃ ስለተጀመረ ነው። ቤንዚን በማይገባው ቦታ ወይም በማይገባው ሰዓት ሲቃጠል ሞተር ይተኩሳል፤ ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳት በፊት መመለስ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ የት ተቃጠለ? መቼ ተቃጠለ? እነዚህን ሁለቱን በትክክል የመለሰ ሰው ኮፈን ከመክፈቱ በፊት የፍለጋውን ግማሽ ጨርሷል።

እዚህ በምሳሌነት የምወስደው የቶዮታ ሃይሉክስን 22አር ሞተር ነው። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,366 ሲሲ፣ ካርቡሬተር ያለውና ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በካቴና፣ ማለትም በሰንሰለት፣ የሚዞር ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን በየአገሩ ሲሠራ የኖረና ቀላል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ለመማሪያ ይመቻል። ሌላ ዓይነት የካርቡሬተር ሞተር ያለው አንባቢ መንገዱን ተከትሎ ልኮቹን ብቻ ከራሱ መኪና መጽሐፍ መውሰድ ይችላል። ኮምፒውተር ባለው የኢንጀክሽን ሞተር ላይ ግን መጀመሪያ ኮዱን ማስነበብ ይቀድማል። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ከመጀመርዎ በፊት

በካርቡሬተር በኩል የሚወጣ እሳት መኪና ያቃጥላል፤ ቅንድብም ያቃጥላል። ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ ማንም ሰው በካርቡሬተሩ አፍ ላይ አጎንብሶ መመልከት የለበትም። የአየር ፊልትሮው ቤት ከነክዳኑ በቦታው ሆኖ እሳቱን ስለሚገታ፣ ለምርመራ ካልተነሳ በስተቀር ሳይገጠም መኪናውን መንዳት አይገባም። በአጠገብዎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኑር፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ፣ ሥራውንም በተዘጋ ቤት ውስጥ አይሥሩ፤ ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ጭስ ሽታውና ቀለሙ የማይታወቅ ገዳይ ጋዝ አለበት።

የት ነው የሚተኩሰው?

መተኮስ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ብዙ ስህተት የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አንደኛው ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር የሚሰማ፣ አጭርና ደረቅ “ጷ” የሚል ድምፅ ሲሆን አንዳንድ ሹፌሮች “ሞተሩ አስነጠሰ” የሚሉት ነው፤ እሳቱ በማስገቢያ ቫልቭ በኩል ተመልሶ ወደ ካርቡሬተሩ ሲወጣ የሚሰማ ነው። ሁለተኛው ከኋላ፣ ከማርሚታው የሚሰማ፣ ወፍራምና ጠመንጃ የሚመስል ድምፅ ነው፤ ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን በጋለው ቱቦ ውስጥ አየር አግኝቶ ሲቀጣጠል ይፈጠራል።

ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁለቱን ሊያምታታቸው ይችላል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ የሚተኩስ ከሆነ አንድ ሰው ነዳጅ እንዲሰጥ አድርገው እርስዎ በጎን በኩል፣ በመኪናው መሃል ቆመው ያዳምጡ። እየሄደ ብቻ የሚተኩስ ከሆነ ደግሞ መስኮቱን ከፍተው ግድግዳ ወይም አጥር ባለበት ጠባብ መንገድ ይንዱ፤ ድምፁ ከአጥሩ ተመልሶ ሲመጣ ከየት እንደተነሳ ይለያል።

ከፊት የሚያስነጥስ ሞተር በአብዛኛው ቤንዚን ያነሰው፣ እሳቱ ለሌላ ሲሊንደር የተሰጠበት፣ ወይም የማስገቢያ ቫልቩ የማይዘጋ ነው። ከኋላ የሚተኩሰው ደግሞ በአብዛኛው ቤንዚን የበዛበት፣ እሳቱ አልፎ አልፎ የሚቋረጥበት፣ ወይም የጭስ ቱቦው አየር የሚያስገባ ነው። በሁለቱም በኩል የሚተኩስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታይሚንጉ (እሳቱ የሚሰጥበት ሰዓት) እና የገመዶቹ አቀማመጥ ነው።

መቼ ነው የሚተኩሰው?

አንድ ቁራጭ ወረቀት ጋቢና ውስጥ ያስቀምጡና ለሦስት ቀን ይመዝግቡ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቆ ነበር? ሚኒሞ ላይ (ፔዳል ሳይረገጥ በሚዞርበት ፍጥነት) ነው፣ ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ ነው፣ ዳገት ላይ ጭነት ተጭኖ ነው፣ ወይስ ቁልቁለት ላይ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ? መንገዱ አስፋልት ነበር ወይስ ኮረኮንች? ዝናብ ነበር? ቤንዚኑ የተቀዳው ከማደያ ነው ወይስ ከጄሪካን? ይህ ወረቀት ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ መካኒክ ዘንድ ሲሄዱም ይዘውት ይሂዱ።

ከሚመዘገበው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ድምፁ ምት ያለው መሆን አለመሆኑ ነው። ሚኒሞ ላይ እንደ ከበሮ በእኩል ልዩነት የሚደጋገም ከሆነ ችግሩ በአንድ ሲሊንደር ላይ ነው፤ ያልተስተካከለ ወይም የተቃጠለ ቫልቭ፣ የተበላ ካምሻፍት ወይም የተቀያየረ ገመድ ይሆናል። አንዴ ተኩሶ ለአምስት ደቂቃ ዝም የሚል ከሆነ ግን የሚቋረጥ እሳት፣ ቆሻሻ ወይም ውሃ ያለበት ቤንዚን፣ ወይም አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈለግ።

ከእሳቱ መጀመር

እሳቱን አስቀድሜ የማየው ከሁሉም ስለሚበላሽ አይደለም፤ ለማየት ገንዘብ ስለማያስወጣ ነው። በመጀመሪያ የገመዶቹን ተራ ይቁጠሩ። በ22አር ላይ አንደኛው ሲሊንደር ወደ ራዲያተሩ የቀረበው ሲሆን የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን አንስተው ሞተሩን በትንሹ ያስዙሩና ሮተሩ (ከክዳኑ ሥር የሚዞረው ጣት) በየት በኩል እንደሚዞር በዓይንዎ ይዩ፤ ከዚያ ከአንደኛው ቁጥር ተነስተው በዚያው አቅጣጫ ተራውን ይከተሉ። ሁለት ገመዶች ብቻ ሲቀያየሩ ሞተሩ ሊነሳ፣ እየተንቀጠቀጠም ሊሄድ ይችላል፤ ስለሆነም “ከተነሳማ ገመዱ ልክ ነው” ማለት አያስኬድም።

የገመዶቹ ቁጥር ልክ ሆኖ ሳለም አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ በጋራዦች ንጽሕና ምክንያት የተፈጠረ ችግር እለዋለሁ። ገመዶቹ ተበታትነው እንዳይታዩ ተብሎ አራቱም በአንድ ላይ በፕላስተር ይታሰራሉ። አሁን 3ኛውና 4ኛው ገመዶች ጎን ለጎን የሚሄዱ ሲሆኑ በተራውም ተከታትለው የሚሰጡ ናቸው። 3ኛው ሲሊንደር እሳት በሚያገኝበት ቅጽበት 4ኛው ፒስተን ገና ታች ነው፤ መጭመቅ ሊጀምር ሲል ማስገቢያ ቫልቩ ገና ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ገመዱ ያረጀ ከሆነ ከ3ኛው ወደ 4ኛው ኤሌክትሪክ ይሾልክና እዚያ ያለጊዜው እሳት ይሰጣል፤ ነበልባሉም ክፍት ሆኖ ባገኘው ቫልቭ በኩል ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣል። በ2ኛውና በ1ኛው መካከልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። መፍትሔው እስሩን ፈትቶ ገመዶቹን በመያዣቸው አራርቆ ማስቀመጥ ነው።

ሲመሽ፣ መብራት በሌለበት ቦታ ሞተሩን አስነስተው ኮፈኑን ይክፈቱ። ጤናማ ሞተር ጨለማ ሆኖ ይታያል፤ ያረጁ ገመዶች ግን በየቦታው ሰማያዊ ብልጭታ ያሳያሉ። ምንም ካልታየ በሚረጭ ጠርሙስ ስስ የውሃ ጉም በገመዶቹና በክዳኑ ዙሪያ ይርጩና እንደገና ይዩ፤ በክረምት ጧት ብቻ የሚተኩስ መኪና ምሥጢሩን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። የገመድ ልክ በኦሚሜትር ሲለካ አንዱ ገመድ ከ25 ኪሎ ኦም መብለጥ የለበትም። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱት፤ በእርሳስ የተሠመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መሥመር ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ከተዘረጋ ያ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ ነውና ክዳኑ መቀየር አለበት፤ ቢፈገፈግም ይመለሳል።

ካንዴላዎቹን በተራ አውጥተው በቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ያሰልፏቸው። ክፍተታቸው 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። የጤናማ ካንዴላ ጫፍ የማኪያቶ ቀለም ይኖረዋል፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ የነጣና የተቀቀለ የሚመስል ደግሞ ቤንዚን ማነሱን ይነግራል። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግሩ የጋራ ነው፤ ካርቡሬተር ወይም የአየር ጉዳይ ይሆናል። አንዱ ብቻ ከተለየ ደግሞ ፍለጋው ወደዚያ ሲሊንደር ይጠባል።

በኮረኮንች ላይ ብቻ የሚተኩስ መኪና የተለየ ነው። ሲነቃነቅ እሳቱ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ በዚያች ቅጽበት ሳይቃጠል ያለፈው ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀምና እሳቱ ሲመለስ ይፈነዳል። የቁልፍ መክፈቻውን እየነቀነቁ፣ የቦቢናውን ሽቦዎች እየጎተቱ፣ የባትሪውንና የሞተሩን ምድር ሽቦ እየፈተሹ ያረጋግጡ። ብዙ ሰው የማያየው ግን በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ቫኪዩሙ (በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል የሚሠራው ክፍል) የውስጡን ሰሌዳ ስለሚያንቀሳቅስ ሽቦዎቹ ለዓመታት ሲተጣጠፉ ይኖሩና ላስቲካቸው ደህና እንደሆነ ውስጣቸው ይበጠሳል። ኦሚሜትሩን በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ አስረው የቫኪዩሟን ጎማ በአፍዎ ይሳቡ፤ ሰሌዳው ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

አየርና ቤንዚን፤ ከፍታው የሚደብቀው

ይህ ክፍል የሚረዝመው እኔን ራሴን ብዙ ስላስቸገረኝ ነው። የነበረኝ ፒክአፕ አዲስ አበባ ውስጥ እንከን አልነበረውም፤ አዳማን አልፌ ወለንጪቲ ስቃረብ ግን በእኩል ፍጥነት እየነዳሁት ሳለ ማስነጠስ ይጀምርና እስከ መተሐራ አይተወኝም። ሁለት ጋራዥ ገባ። ካንዴላ፣ ገመድ፣ ቦቢናና የቤንዚን ፖምፓ ተቀየሩለት፤ በየጊዜው የሚፈተነው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ስለነበር በየጊዜው “ድኗል” ተባለ።

ነገሩ ቁመቱ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ለዝቅተኛ ቦታ በተሠራው ቀዳዳ እንደለመደው ስለሚያፈስስ ድብልቁ ቢያንስ በመቶ 10 ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። በእኔ መኪና ላይ ደግሞ በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ) መካከል ያለው ጥቁር መለያ ተሰንጥቆ የተሠረቀ አየር ያስገባ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የበዛው ቤንዚንና የተሠረቀው አየር ተቻችለው ሞተሩ ጤነኛ መሰለ፤ ወደ ወለንጪቲ ስወርድ ግን ከፍታው የሚጨምረው ቤንዚን ቀረ፣ ቀዳዳው ግን አልቀረም፤ ድብልቁ ሲሳሳ እሳቱ ቀስ ብሎ እየነደደ ቫልቩ እስኪከፈት ይቆይና በካርቡሬተሩ በኩል ይወጣል።

ያገኘሁት ወለንጪቲ ዳር አቁሜ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ፣ በሚረጭ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ነው። በቀጫጭኖቹ የቫኪዩም ጎማዎች ላይ ረጨሁ፣ ምንም የለም። በማኒፎልዱ ጋስኬት ላይ ረጨሁ፣ ምንም የለም። በካርቡሬተሩ ሥር፣ ወደ ጋቢናው በሚዞረው ማዕዘን ላይ ስረጭ ግን ይሰማ የነበረው ስስ የፉጨት ድምፅ ለአንድ ሰከንድ ቆመ፤ የሞተሩም ድምፅ ወረደ፣ ከብረቱ ላይ ያለው ውሃ ወደ ስንጥቁ ሲሳብ በዓይኔ አየሁት። መለያውን ሳወርደው ስንጥቁ ከፀጉር አይወፍርም ነበር፤ ከዳዶዎቹ አንዱ ከልክ በላይ ተጠብቆ ነው የሰነጠቀው።

ስለዚህ የአየር ሌብነት ፍለጋ በዚህ መልክ ይካሄድ። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሳለ ውሃውን በየመገጣጠሚያው በጥቂቱ ይርጩ፤ አንዳንዶች ለዚሁ ቤንዚን ይጠቀማሉ፤ ይህ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መለኮስ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ። ከዚያ የቫኪዩም ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው በጣትዎ ወይም በቡሽ ይድፈኑ፤ አንዷ ስትደፈን ሞተሩ ከተስተካከለ መስመሯን ተከትለው ይሂዱ። ወደ ፍሬኑ ሰርቮ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ በፒንሳ በጨርቅ አድርገው ይቆንጥጡት። የጭስ መመለሻው ቫልቭ ባለበት መኪና ላይ ያ ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ ሚኒሞ ላይ ጭስ ሊያስገባ ስለሚችል እሱም ይታይ።

የቫኪዩም ጌጅ ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል፤ ሆኖም መጽሐፉ የሚሰጠው ልክ ለባሕር ወለል መሆኑን አይርሳ። በዚያ ቦታ ጤናማ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) የሚያሳይ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀነስ አዲስ አበባ ላይ ከ9 እስከ 13 ኢንች የሚያሳይ ሞተር ሙሉ ጤና አለው። መርፌው ዝቅ ብሎ ከረጋ አየር እየገባ ወይም ታይሚንጉ ዘግይቶ ይሆናል፤ በእኩል ልዩነት ወደ ታች ከጠቀሰ ደግሞ አንድ ቫልቭ አይዘጋም።

ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ ብቻ የሚያስነጥስ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ማድረግ አያስፈልግም። ሞተሩን ያጥፉ፣ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ያንሱ፣ የነዳጅ መስጫውን ክንድ በእጅዎ ይሳቡና በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ይመልከቱ፤ ሳይዘገይ ቀጭንና ጠንካራ የቤንዚን ፍሰት መታየት አለበት። ከዘገየ ወይም ከተንጠባጠበ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው የማፋጠኛ ፖምፓ ጎማዋ ደርቋል።

ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ የሚያስነጥስ ከሆነ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም። ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ከፖምፓው የሚመጣውንም ቤንዚን በንጹሕ ሃይላንድ ቀድተው ለግማሽ ሰዓት ያቁሙት። ውሃ ካለበት ከታች ጠርቶ ይለያል። ከጄሪካን የተቀዳ ቤንዚን በሚጠቀም መኪና ላይ ይህ ፍተሻ መጀመሪያ ሊመጣ ይገባል እላለሁ፤ አንድ ሊትር ውሃ የሚያደርሰውን ተንኮል ካርቡሬተር በማጠብ የሚጨርሰው የለም።

ቤንዚን የበዛበትና ከኋላ የሚተኩሰው ሞተር ምርመራው አጭር ነው፦ ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ የአየር ፊልትሮው አለመደፈኑን፣ በካርቡሬተሩ መስኮት የሚታየው የቤንዚን ቁመት መሥመሩን አለማለፉን ይዩ።

ቁልቁለት ላይ የሚተኩስ ማርሚታ

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ እግር ከፔዳሉ በተነሳ ቁጥር የሚተኩስ መኪና ሁለት ነገር ሊኖርበት ይችላል። አንደኛው የጭስ ቱቦው የተቀደደ ወይም በጭስ ማኒፎልዱ ጋስኬት በኩል አየር የሚያስገባ መሆኑ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይነሳ፤ አንድ ሰው የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ሲይዘው የሚፏጨው ቦታ ይሰማል፤ በመገጣጠሚያዎች ዙሪያ ያለ የጥላሸት ምልክትም ያሳብቃል። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ቤንዚን መቁረጥ ያለባት የካርቡሬተሩ ሶሌኖይድ መሥራት ማቆሟ ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት “ቀጭ” ማለቷ መሰማት አለበት።

ሦስተኛው ከመኪናው ሳይሆን ከሹፌሩ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ በሚል ቁልቁለት ላይ ቁልፉን አጥፍተው የሚወርዱ አሉ። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ሞተሩ እየዞረ ቤንዚን መሳቡን ስለማያቆም ያ ሁሉ ማርሚታው ውስጥ ይከማቻል፤ ከታች ቁልፉ ሲከፈት የሚሰማው ፍንዳታ ማርሚታ ሲሰነጥቅ አይቻለሁ። የፍሬኑ ሰርቮ ረዳትነት ማጣቱና መሪው ሊቆለፍ መቻሉ ደግሞ ከማርሚታው የሚብስ ነው።

ታይሚንግና ካቴና

ታይሚንጉን የሚለካው መብራት ካለ፣ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደው የቫኪዩም ጎማ ተነቅሎና ተደፍኖ፣ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሳለ ምልክቱ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ካለው ልክ ጋር ይመሳከር። ከልኩ በጣም የዘገየ ታይሚንግ ማርሚታውን ያግላል፣ ያስተኩሳልም፤ በጣም የቀደመ ደግሞ ሲነሳ ይመታል፣ በካርቡሬተር በኩልም ይተፋል።

ዛሬ ተስተካክሎ በሳምንቱ የሚዛነፍ ታይሚንግ ካለ ዲስትሪቢዩተሩን ማዞር ይቁምና ካቴናው ይታይ። ከ1983 ገደማ ወዲህ የተሠሩት 22አር ሞተሮች ባለ አንድ ረድፍ ካቴናና የፕላስቲክ መደገፊያ ያላቸው ሲሆኑ፣ ፕላስቲኩ በዕድሜ ይሰበራል፤ የላላው ካቴናም የፊተኛውን ክዳን እየፋቀ እስከ ውሃው መንገድ ሊበሳው ይችላል። ጧት ሲነሳ ከፊት በኩል ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ የመንቀጫቀጭ ድምፅ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ለማረጋገጥ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስተው የክራንክሻፍቱን ብሎን በቁልፍ ወደ አንድ ጎን ያዙሩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመልሱ፤ ክራንክሻፍቱ መዞር ከጀመረ በኋላ ሮተሩ እስኪንቀሳቀስ ያለው ልዩነት የካቴናው ልቅነት ነው። ጥቂት ዲግሪ ይፈቀዳል፤ 10 ዲግሪ ያህል ከሆነ የቫልቩን ክዳን ከፍተው በባትሪ መብራት ወደ ታች መደገፊያውን ይመልከቱ።

ቫልቭና ኮምፕሬሽን

ምት ያለው መተኮስ ሲሆን የቫልቮቹ ክፍተት ቀድሞ ይለካ። በ22አር ላይ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ የጠፋበት ማስገቢያ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ በካርቡሬተር በኩል በየዙሩ ይተፋል፤ ክፍተቱ የጠፋበት ማስወጫ ደግሞ እየተቃጠለ ይሄዳል። ክዳኑ ከተከፈተ ላይቀር የካምሻፍቱን አፍንጫዎች እርስ በርስ ያወዳድሩ። የአንዱ ማስወጫ አፍንጫ ተበልቶ ካጠረ የተቃጠለው ጋዝ መውጫ ያጣና ማስገቢያው ሲከፈት ወደ ካርቡሬተሩ ይሮጣል፤ ካርቡሬተሩ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ይህ አይድንም።

ከማርሚታው ጫፍ ትንሽ ራቅ አድርገው የጋዜጣ ቁራጭ ይያዙ። በጤናማ ሞተር ላይ ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፤ በየጊዜው ወደ ውስጥ የሚሳብ ከሆነ የተቃጠለ ማስወጫ ቫልቭ ወይም እሳት የማያገኝ ሲሊንደር አለ።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ የእሳቱ መስመር ይነቀል፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ባትሪውም ጥሩ ይሁን። የመጽሐፉ ልክ 171 ፒኤስአይ፣ ዝቅተኛው 142፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 14 ነው። ይህን ልክ አዲስ አበባ ላይ እንዳለ የሚወስድ መካኒክ ጤነኛ ሞተር ያወርዳል፤ በዚህ ከፍታ ያልተነካ ሞተር የሚሰጠው 130 ገደማ ነውና። ስለዚህ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ አራቱን እርስ በርስ ማወዳደሩ ይበጃል። አንዱ በጣም ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ፤ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች በአንድ ላይ ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጋስኬት ተቃጥሏል።

ቴስታታ የሚወርደው እዚህ ከተደረሰ በኋላ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ የወጣውም ዕቃ ስህተት የነበረ መሆኑ እስኪታወቅ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መኪናው በወረቀቱ ላይ በተመዘገበው መንገድ፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ጭነት ይነዳ። የእኔው ፒክአፕ አዲስ መለያ ከተገጠመለት በኋላ የፈተንኩት ወለንጪቲን አልፌ መተሐራ ድረስ በመውረድ ነው።